አቶሚክ ኮድን ከኤክስ86 ወደ ኤአርኤም64 ማሻገር

ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ዓይነት) ላይ ለዓመታት የሠራ ሎክ-አልባ ወረፋ (ትሬዶች ሎክ ሳይዙ በአቶሚክ፣ ማለትም በማይከፋፈሉ፣ ትእዛዞች የሚጋሩት) ወደ ኤአርኤም64 (ባለ 64 ቢቱ የኤአርኤም ፕሮሰሰር) ሲሻገር ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ ፈተናዎቹንም ያልፋል። ጭነት ሲበዛበት ግን አልፎ አልፎ ገና ያልተሞላ መዋቅር ያነብና ይወድቃል። ይህ ሲደርስ ብዙዎች የተቀየሩትን ትእዛዞች አንድ በአንድ ይመረምራሉ፤ ትእዛዞቹ ግን ትክክል ሆነው ይገኛሉ። የጎደለው ማንም ያልጻፈው ነገር ነው፦ ኤክስ86 ሳይጠየቅ ይሰጥ የነበረው የንባብና የጽሕፈት ቅደም ተከተል። አቶሚክ ኮድ የማሻገር ዋናው ሥራ ይህን ያልተጻፈ ውል ፈልጎ በግልጽ መጻፍ ነው። አንዱን ትእዛዝ በሌላ መተካት ቀላሉ ክፍል ነው።

እዚህ ያለው ለሲና ለሲ++ ኮድ፣ ጂሲሲን ወይም ክላንግን ለሚጠቀም፣ በተለይ ሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። ሪስክ-ፋይቭ የተባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት የሚለይባቸው ነጥቦች ወደ መጨረሻው አሉ።

መጀመሪያ ቆጠራ

ምንም ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሪፖዚቶሪውን በሙሉ ፈልጉ። በቀላሉ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ በኢንላይን አሴምብሊ ውስጥ "ሎክ" የሚል ቅድመ ቅጥያ ያለው ትእዛዝ፣ ኤክስሲኤችጂ (አንዱ ኦፔራንዱ ሜሞሪ ከሆነ ቅድመ ቅጥያው ባይጻፍም ራሱ ይቆልፋል)፣ ኤምፌንስ፣ ኤስፌንስና ኤልፌንስ (የሜሞሪ ቅደም ተከተል የሚያስጠብቁ ባሪየሮች፤ ፌንስም ይባላሉ)፣ ፖዝ (በመጠበቂያ ዑደት ውስጥ የሚገባ የማዘግያ ትእዛዝ)፣ እንዲሁም በሁለት የስር ሰረዝና "ሲንክ" በሚለው ቃል የሚጀምሩት የድሮዎቹ የጂሲሲ ቢልትኢኖች (ኮምፓይለሩ ውስጥ የተሠሩ ፋንክሽኖች)።

የሚያስቸግሩት ግን ምልክት የሌላቸው ናቸው። አንደኛው ቮላታይል (ኮምፓይለሩ ንባቡንና ጽሕፈቱን እንዳያስቀር የሚያዝ ቃል) ተብሎ የታወጀ ባንዲራ ነው፤ አንዱ ትሬድ ዳታውን ሞልቶ ባንዲራውን 1 ያደርጋል፣ ሌላው ባንዲራውን እየጠበቀ ዳታውን ያነባል። ሁለተኛው ባዶ የአሴምብሊ ሐረግ ነው፤ ክሎበር ዝርዝሩ (አሴምብሊው የሚነካውን ለኮምፓይለሩ የሚነግረው) ውስጥ "ሜሞሪ" ብቻ ያለበት፣ ማለትም ለኮምፓይለሩ እንጂ ለፕሮሰሰሩ ምንም የማይናገር ባሪየር። ሦስተኛው ምንም ነገር የሌለበት ተራ የፖይንተር ምደባ ነው፤ "ፖይንተር በአንድ ጊዜ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ደህና ነው" ተብሎ የታለፈ።

እነዚህ ሦስቱ ኤክስ86 ላይ የሚሠሩበት ምክንያት አለ። በኤክስ86 የሜሞሪ ሞዴል አንድ ኮር የሠራው ለሌሎቹ ተዛንፎ ሊታይ የሚችለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ጽሕፈት ቀድሞ፣ ከኋላው ከሌላ አድራሻ ንባብ ሲከተል ንባቡ ሊቀድም ይችላል። ንባብ ከንባብ፣ ንባብ ከጽሕፈት፣ ጽሕፈት ከጽሕፈት ግን በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ይቆያሉ። ኤአርኤም64 ላይ አድራሻቸው ከተለያየና በመካከላቸው ጥገኝነት ወይም ባሪየር ከሌለ አራቱም ሊገለባበጡ ይችላሉ። ባንዲራው 1 ሆኖ ታይቶ ዳታው ግን አሮጌው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅም ሃርድዌሩ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለተገኘው ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ አንድ መስመር ጻፉ፦ ስሙ፣ በባይት ስፋቱ፣ ማን ይጽፈዋል፣ ማን ያነበዋል፣ እና እሱ ሲታይ ሌላ የትኛው ዳታ አብሮ መታየት አለበት። የመጨረሻዋ ዓምድ የጠቅላላው ሥራ ቁልፍ ነች። ባዶ ከሆነች ተለዋዋጩ ቆጣሪ ብቻ ነው፣ ቅደም ተከተል አይፈልግም። ከተሞላች አኳየር (ከኋላው ያለው እንዳይቀድመው የሚከለክል ንባብ) እና ሪሊስ (ከፊቱ ያለው ከሱ እንዳይዘገይ የሚከለክል ጽሕፈት) ያስፈልጉታል። ኤምፌንስ ያለበት ቦታ ብዙም አያስፈራም፤ እዚያ የጻፈው ሰው አስቦበታል። ፍርሃቱ ምንም ባልተጻፈበት ቦታ ነው።

ለኮምፓይለሩ የሚተወው

ከቆጠራው ውስጥ አብዛኛው ወደ ሲ11 ወይም ሲ++11 አቶሚክ ሊዛወር ይችላል፤ መዛወርም አለበት። አሴምብሊውን ይዞ መቀጠል ዛሬ የሚያዋጣው በከርነል፣ በቡት ኮድ፣ በጂት (በሩጫ ጊዜ ኮድ በሚያመነጭ) ኮምፓይለርና በመሳሰሉት ብቻ ነው። ቋንቋው የሚሰጠውን ከተጠቀማችሁ ኮምፓይለሩ ለታለመው ኮር የተሻለውን ትእዛዝ ራሱ ይመርጣል፤ በኋላ ሪስክ-ፋይቭ ቢመጣም እንደገና አትጀምሩም።

ምን እንደሚወጣ ማወቁ ግን ይጠቅማል። ኤአርኤም64 ላይ ሪላክስድ (ምንም ቅደም ተከተል የማይጠይቅ) ንባብና ጽሕፈት ተራ ትእዛዞች ናቸው። አኳየር ንባብ ኤልዲኤአር፣ ሪሊስ ጽሕፈት ኤስቲኤልአር ይሆናሉ። ሴክ-ሲኤስቲ (ሁሉም ትሬዶች አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚያዩበት ጥብቁ ደረጃ) ንባብና ጽሕፈትም እነዚሁኑ ሁለቱን ይጠቀማሉ፤ ምክንያቱም ኤስቲኤልአርን ተከትሎ የሚመጣ ኤልዲኤአር አይቀድመውም። ይህ ለኤክስ86 ሰው እንግዳ ነው፤ እዚያ ሴክ-ሲኤስቲ ጽሕፈት ኤክስሲኤችጂን የሚያህል ውድ ነገር ነበር። ከኤአርኤምቪ8.3 ጀምሮ ያለው ኤልዲኤፒአር ደካማ የአኳየር ንባብ ነው፤ ከኤስቲኤልአር በፊት ሊቀድም ስለሚችል ለአኳየር እንጂ ለሴክ-ሲኤስቲ አይሆንም። በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ሁለቱን አታቀያይሩ።

የትኛውን ደረጃ እንምረጥ ለሚለው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ሴክ-ሲኤስቲ አድርጉና ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ለክታችሁ አላሉ። የስታትስቲክስ ቆጣሪ ሪላክስድ ይበቃዋል። የሪፈረንስ ቆጣሪ ሲጨምር ሪላክስድ፣ ሲቀንስ ሪሊስ፤ ዜሮ ያደረሰው ትሬድ ደግሞ ነገሩን ከመልቀቁ በፊት የአኳየር ፌንስ ያስፈልገዋል። ዳታን ሞልቶ ፖይንተር ማሳየት በጸሐፊው በኩል ሪሊስ፣ በአንባቢው በኩል አኳየር ነው፤ አንዱን ብቻ ማስተካከል ምንም አያስተካክልም። አንድ ትሬድ የራሱን ባንዲራ ጽፎ የሌላውን ባንዲራ የሚያነብበት ስልት (ሃዛርድ ፖይንተር፣ ትሬዱ የሚያነበውን ነገር ሌላው እንዳይለቀው የሚያውጅበት ስልት፣ ከነዚህ አንዱ ነው) አኳየርና ሪሊስ አይበቃውም፤ የሴክ-ሲኤስቲ ፌንስ የግድ ነው። ኤክስ86ም ላይ ያስፈልግ ስለነበር በአሮጌው ኮድ ኤምፌንስ ወይም የተቆለፈ ትእዛዝ እዚያው ታገኛላችሁ።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። የድሮዎቹ "ሲንክ" ቢልትኢኖች ሙሉ ባሪየር እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ጂሲሲም ኤአርኤም64 ላይ አቶሚኩን ከሚፈጽመው ዙር (እስኪሳካ የሚደጋገም ኮድ፤ ቅርጹ ከታች አለ) በኋላ ዲኤምቢ የሚባለውን የኤአርኤም ባሪየር ይጨምርላቸዋል። "አቶሚክ" በሚለው ቃል የሚጀምሩት አዲሶቹ ግን በሴክ-ሲኤስቲም ቢሆን ያን ዲኤምቢ አያወጡም። ስለዚህ አንዱን በሌላው በፍለጋና በመተካት ስትቀይሩ፣ አቶሚክ ያልሆኑ ወይም ሪላክስድ የሆኑ ጎረቤት ንባቦችና ጽሕፈቶች የነበራቸውን ጥበቃ ያጣሉ። አሮጌው ኮድ በዚያ ጥበቃ ተማምኖ ከሆነ ፌንሱን ራሳችሁ ጨምሩ። ሌላም አለ፦ ያልተሳካ የማወዳደርና የመለወጥ ሥራ (ከዚህ በኋላ ሲኤኤስ፤ ሜሞሪው የሚጠበቀውን ዋጋ ከያዘ ብቻ አዲሱን ይጽፋል) ኤክስ86 ላይ ሳይሳካም ሙሉ ባሪየር ነው፤ ኤአርኤም64 ላይ ግን ካልተሳካ ጽሕፈት የለም፣ ጽሕፈት ከሌለ ሪሊስ የለም። የውድቀቱን መንገድ እንደ ባሪየር የሚጠቀም ኮድ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ሲገኝ ፌንስ ይጻፍበት።

የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ለሚጠቀሙ፦ ኤክስ86 ላይ ቮላታይል በነባሪ አኳየርና ሪሊስ ይሰጥ ነበር፤ ለኤአርኤም ሲኮምፓይል ነባሪው የመደበኛው ቋንቋ ትርጉም ነው፣ ምንም አይሰጥም። የኮምፓይለሩን አማራጭ ቀይሮ አሮጌውን ባሕርይ መመለስ ይቻላል፤ ጊዜ ይገዛል እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

አሴምብሊ የግድ ሲሆን

በመጀመሪያው ኤአርኤምቪ8 ላይ እንደ ሎክ ያለ ቅድመ ቅጥያ የለም። ያለው ጥንድ ነው፦ ልዩ ንባብ (ኤልዲኤክስአር) አድራሻውን ያነብና በሞኒተር (አድራሻውን በሚከታተል የሃርድዌር ክፍል) ላይ ያስመዘግባል፤ ልዩ ጽሕፈት (ኤስቲኤክስአር) ምዝገባው ካልፈረሰ ይጽፋል። ውጤቱን በሁኔታ ሬጅስተር ይመልሳል፤ 0 ከሆነ ተሳክቷል፣ 1 ከሆነ አልተሳካም፣ ከመጀመሪያው ይደገማል። ለ32 ቢት ሙሉ ባሪየር ያለው ሲኤኤስ እንዲህ ይጻፋል። ኤክስ3 አድራሻው፣ ደብሊው1 የሚጠበቀው ዋጋ፣ ደብሊው2 አዲሱ ነው፤ ሲኤምፒ ያወዳድራል፣ ቢ.ኤንኢ እኩል ካልሆኑ፣ ሲቢኤንዜድ ዜሮ ካልሆነ ይዘላሉ፦

1፦ ኤልዲኤክስአር ደብሊው0፣ [ኤክስ3]
ሲኤምፒ ደብሊው0፣ ደብሊው1
ቢ.ኤንኢ ወደ 2
ኤስቲኤልኤክስአር ደብሊው4፣ ደብሊው2፣ [ኤክስ3]
ሲቢኤንዜድ ደብሊው4፣ ወደ 1
ዲኤምቢ አይኤስኤች
2፦

ሰባት መስመር ናት፤ ስህተት የሚገባባት ቦታ ግን ብዙ ነው።

ከባሪየሩ እንጀምር። ብዙ ሰው ንባቡን አኳየር (ኤልዲኤኤክስአር)፣ ጽሕፈቱን ሪሊስ (ኤስቲኤልኤክስአር) ያደርግና "ሁለቱም ወገን ተዘግቷል፣ ሙሉ ባሪየር ነው" ይላል። አይደለም። አኳየር ከኋላው ያለውን ከመቅደም ይከለክላል፣ ከፊቱ ያለውን ግን አይዝም፤ ሪሊስ ደግሞ በተቃራኒው። ስለዚህ ከዙሩ በፊት የነበረ ተራ ሥራ ከአኳየሩ በኋላ ሊገባ፣ ከዙሩ በኋላ ያለው ደግሞ ከሪሊሱ በፊት ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱ መሃል ላይ ተገናኝተው ይተላለፋሉ። የሊኑክስ ከርነል የኤአርኤም64 አቶሚኮች በ2014 የተስተካከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከላይ ያለውም የዚያው ማስተካከያ ቅርጽ ነው፦ ተራ ልዩ ንባብ፣ ሪሊስ ያለው ልዩ ጽሕፈት፣ ከዚያ ዲኤምቢ። ሎክ ለመያዝ ብቻ ከሆነ ዲኤምቢው አያስፈልግም፤ ኤልዲኤኤክስአርና ተራው ኤስቲኤክስአር ይበቃሉ።

ቀጥሎ የሁኔታ ሬጅስተሩ። ደብሊው4 ከሚጻፈው ዋጋም ከአድራሻውም ሬጅስተር የተለየ መሆን አለበት። ከአንዳቸው ጋር ከገጠመ ውጤቱ በአርክቴክቸሩ ያልተወሰነ ነው። በኢንላይን አሴምብሊ ይህን የምታስከብሩት የውጤት ኮንስትሬይንቱ (ለኦፔራንዱ የሚፈቀደውን ቦታ የሚገልጸው ምልክት) ላይ አምፐርሳንድ በመጨመር ነው፤ "ግብአቶቹ ገና ሳያልቁ ይህ ይጻፋል" ማለት ነው። አምፐርሳንዱ ከተረሳ ኮዱ ኮምፓይለሩ ሬጅስተር እስኪያጥረው ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ አንድ ቀን በዙሪያው ያለ ምንም የማይገናኝ ኮድ ሲቀየር ይበላሻል። ለአድራሻው "ኪው" የሚለውን ኮንስትሬይንት ተጠቀሙ፤ ያለ ኦፍሴት በአንድ ሬጅስተር የሚገለጽ ሜሞሪ ማለት ስለሆነ ልዩ ንባብና ጽሕፈት የሚቀበሉትም እሱን ብቻ ነው። ሲኤምፒ ባንዲራዎችን ስለሚነካ "ሲሲ" በክሎበር ዝርዝሩ ይግባ፤ ወይም በኢኦአርና በሲቢኤንዜድ አወዳድሩና ከነጭራሹ አያስፈልግም። "ሜሞሪ" የሚለው ክሎበርም እንዳይረሳ፤ ሃርድዌሩን አሰልፋችሁ ኮምፓይለሩን ልቅ ብትተዉት ድካሙ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ስፋት ነው፤ ጸጥ ብሎ የሚያበላሸው እሱ ነው። በኤአርኤም64 የልዩ ንባቡን ስፋት የሚወስነው የሬጅስተሩ ስም ነው፦ ደብሊው ከሆነ 4 ባይት፣ ኤክስ ከሆነ 8። በኢንላይን አሴምብሊ ኦፔራንዱ ፊት የ"ደብሊው" ማሻሻያ ካልጻፋችሁ ኮምፓይለሩ ተለዋዋጩ 32 ቢት ቢሆንም የኤክስ ስም ያወጣል። ያኔ ባለ 4 ባይት ቆጣሪ ላይ የ8 ባይት አቶሚክ ይሠራል። አድራሻው በ8 የማይካፈል ከሆነ ወዲያው ሲግባስ (ፕሮግራሙን የሚጥል የሜሞሪ ስህተት ሲግናል) ይመጣል፤ ይህ ዕድለኛው ነው። በ8 የሚካፈል ከሆነ ግን ከጎኑ ያለው የመዋቅሩ መስክ አብሮ ይጻፋል፤ ብልሽቱ የሚታየውም ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ክላንግ በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ፣ በጂሲሲ ብትሠሩም አንድ ጊዜ በክላንግ ኮምፓይል አድርጋችሁ ማስጠንቀቂያዎቹን አንብቡ።

የ1 እና የ2 ባይት ሲኤኤስም የራሱ ጣጣ አለው። የባይት ልዩ ንባብ የላይኛዎቹን ቢቶች በዜሮ ይሞላል። የሚጠበቀው ዋጋ ምልክት ያለው ካር (ባለ 1 ባይት የሲ ዓይነት) ሆኖ -1 ከሆነ ግን በሬጅስተሩ ውስጥ ሁሉም ቢቶቹ 1 ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይገጥሙም፣ ሲኤኤሱም ለዘላለም ይወድቃል። ከማወዳደር በፊት የሚጠበቀውን ወደ 8 ወይም 16 ቢት ቁረጡት።

በልዩ ንባቡና በልዩ ጽሕፈቱ መካከል ሌላ የሜሞሪ ሥራ አይግባ። ሞኒተሩ የሚጠብቀው አንድ አድራሻ ሳይሆን ቁራጭ ነው፤ አርክቴክቸሩ ከ16 እስከ 2048 ባይት ይፈቅዳል። በመካከል የሚደረግ ጽሕፈት፣ ወደ ስታክም ቢሆን፣ ምዝገባውን ሊያፈርስና ዙሩ ሳያልቅ እንዲሽከረከር ሊያደርግ ይችላል። ልዩ ንባቡን በአንድ የኢንላይን ፋንክሽን፣ ልዩ ጽሕፈቱን በሌላ የሚጽፉ ቤተ መጻሕፍት ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ የሚቆሙት ለዚህ ነው፤ ኮምፓይለሩ ያለ ኦፕቲማይዜሽን እያንዳንዱን ዋጋ ስታክ ላይ ያኖራል። ዙሩ በሙሉ በአንድ የአሴምብሊ ብሎክ ውስጥ ይሁን።

በዲበገር ላይም ተመሳሳይ ነው። ከኤክሴፕሽን መመለስ ሞኒተሩን ስለሚያጸዳ በዙሩ ውስጥ ትእዛዝ በትእዛዝ መሄድ ዙሩን ማለቂያ የሌለው ያደርገዋል። ጂዲቢ ቅደም ተከተሉን አውቆ ይዘለዋል፤ ብሬክፖይንት መሃሉ ላይ ካስቀመጣችሁ ግን እሱም አያድናችሁም። ከዙሩ በኋላ አስቀምጡት። ቡት ኮድ ለሚጽፉ ደግሞ፦ እነዚህ ትእዛዞች በእርግጠኝነት የሚሠሩት በተራ ካሽ በሚደረግ ሜሞሪ ላይ ነው። ኤምኤምዩ (የሜሞሪ አድራሻ ተርጓሚው ክፍል) እና ካሹ ከመከፈታቸው በፊት ስፒንሎክ መያዝ፣ ወይም ካሽ በማይደረግ የዲኤምኤ ቦታ (መሣሪያዎች በቀጥታ በሚደርሱበት ሜሞሪ) ላይ አቶሚክ ማኖር፣ በአንዱ ቦርድ ሠርቶ በሌላው የሚቆም ኮድ ይወልዳል።

ባሪየሮቹን ስትመርጡ የዲኤምቢ ሦስት መልኮች አሉ። አይኤስኤች ሁሉንም ያሰልፋል። አይኤስኤችኤልዲ ንባብን ከኋላው ካለው ንባብና ጽሕፈት ጋር ያሰልፋል፤ ለአኳየር ፌንስ ይሆናል። አይኤስኤችኤስቲ ጽሕፈትን ከጽሕፈት ብቻ። "ሪሊስ ስለ ጽሕፈት ነው" ብሎ አይኤስኤችኤስቲን ለሪሊስ ፌንስ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሪሊስ ከፊቱ ያሉትን ንባቦችም መያዝ ስላለበት ሙሉው አይኤስኤች ያስፈልጋል። አለበለዚያ በሎክ ውስጥ የተጀመረ ንባብ ሎኩ ከተለቀቀ በኋላ ሊፈጸም ይችላል።

ኤልኤስኢ

ኤአርኤምቪ8.1 ዙር የማይፈልጉ አቶሚኮችን አመጣ፤ ስብስቡ ኤልኤስኢ ይባላል። ኮሮች ሲበዙና ሁሉም አንድ ቆጣሪ ላይ ሲሻሙ ዙሩ አንዱን ኮር ለረጅም ጊዜ ሊያስርበው ይችላል፤ የኤልኤስኢ ትእዛዝ ግን አንድ ጊዜ ተልኮ ይፈጸማል። ብዙ ኮር ባላቸው ሰርቨሮች ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ከኤክስ86 ትእዛዞች፣ ሲኤኤስ የሚባለው ትእዛዝ ሲኤምፒኤክስሲኤችጂን (ማወዳደርና መለወጥ)፣ ኤስደብሊውፒ ኤክስሲኤችጂን (መለዋወጥ)፣ ኤልዲአድ ኤክስአድን (መደመር) ይተካሉ። ቅደም ተከተሉ በስሙ መጨረሻ ይታከላል፦ "ኤ" አኳየር፣ "ኤል" ሪሊስ፣ "ኤኤል" ሁለቱም። በዙሩ ላይ ከነበረው በተለየ፣ "ኤኤል" ያለው አንድ የኤልኤስኢ ትእዛዝ ብቻውን እንደ ሙሉ ባሪየር ይቆማል፤ ዲኤምቢ አይጨመርበትም። መቀነሻ የለም፤ ዋጋውን አሉታዊ አድርጋችሁ ትደምራላችሁ። "አንድ" (በእንግሊዝኛው "እና") የሚለው የቢት ሥራም የለም፤ ያለው ኤልዲሲኤልአር ሲሆን የተሰጡትን ቢቶች ያጠፋል፣ ስለዚህ ማስኩን (የትኞቹ ቢቶች እንደሚነኩ የሚገልጸውን ዋጋ) መገልበጥ የእናንተ ሥራ ነው። ሳይገለበጥ የቀረ ማስክ ሊቆዩ የሚገባቸውን ባንዲራዎች አጥፍቶ ሌሎቹን ይተዋል።

ጥቃቅን ከሚመስሉት አንዱ፦ የኤልዲአድ ውጤት የማይፈለግ ሲሆን መድረሻውን የዜሮ ሬጅስተር (ሁልጊዜ 0 የሆነ፣ የተጻፈበትን የሚጥል) ማድረግ ያጓጓል። መድረሻው የዜሮ ሬጅስተር ከሆነ ግን የአኳየር ትርጉሙ ይቀራል። ለስታትስቲክስ ግድ የለም፤ ሎክ ለመያዝ ከተጠቀማችሁበት ግን ሎኩ አይጠብቅም።

ፕሮግራሙ በአሮጌም በአዲስም ኮር ላይ መሮጥ ካለበት ሁለት መንገድ አለ። ጂሲሲ 10 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ሊኑክስ ላይ በነባሪ "አውትላይን አቶሚክስ" ያወጣሉ፤ አቶሚኩ ወደ ትንሽ ፋንክሽን ጥሪ ይሆናል፣ ፋንክሽኑም በሩጫ ጊዜ ኤልኤስኢ መኖሩን አይቶ ይመርጣል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል። በእጅ ለሚመርጥ ደግሞ የጌትኦክስቫል ፋንክሽንን (ከርነሉ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚሰጠውን መረጃ የሚያነበውን) በኤችደብሊውካፕ ቁልፍ (16) ጠርቶ ቢት 8ን ማየት ነው፤ በ"ሲፒዩኢንፎ" ፋይል ውስጥም "አቶሚክስ" ተብሎ ይታያል። የታለመው ማሽን ሁልጊዜ 8.1 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ከታወቀ በኮምፓይለሩ የማርች (የታለመውን ፕሮሰሰር መምረጫ) አማራጭ ኤልኤስኢን በቀጥታ ክፈቱት፤ የፋንክሽን ጥሪው ይቀራል። ያኔ ግን ያው ፕሮግራም በአሮጌ ኮር ላይ በማይታወቅ ትእዛዝ ይወድቃል።

አሰላለፍና 16 ባይት

ኤክስ86 በሎክ የተያዘ ትእዛዝ ያልተሰለፈ (በስፋቱ የማይካፈል) አድራሻ ላይ ቢሆንም፣ ሁለት የካሽ መስመሮች (ካሹ በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሜሞሪ ቁራጮች) ቢያቋርጥም ይፈጽመዋል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። ኤአርኤም64 ላይ ልዩ ንባብና ልዩ ጽሕፈት በስፋታቸው ልክ መሰለፍ አለባቸው፤ ካልተሰለፉ ሲግባስ ነው። ከኤአርኤምቪ8.4 ጋር የመጣው ኤልኤስኢ2 በ16 ባይት መስኮት ውስጥ እስካለ ድረስ ለኤልኤስኢ ትእዛዞች ያላላዋል፤ በዚህ ግን አትመኩ። ወንጀለኛው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ፓክድ የተባለ (መስኮቹ ያለ ክፍተት የተጠጋጉ) መዋቅር ወይም በባይት አሬይ ላይ ካስት የተደረገ ፖይንተር ነው። ከማሻገራችሁ በፊት እዚያው ኤክስ86 ላይ ልታድኑት ትችላላችሁ፦ የኮምፓይለሩን የአሰላለፍ ሳኒታይዘር (ስህተትን በሩጫ ጊዜ የሚይዝ ፍተሻ) ክፈቱ፤ ሊኑክስ 5.7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኢንቴል ፕሮሰሰሩም ከደገፈው፣ ስፕሊት ሎክ (ሁለት የካሽ መስመር የሚያቋርጥ የተቆለፈ ትእዛዝ) ማወቂያውን "ፌታል" ላይ አድርጉት። ሁለተኛው የሚይዘው የካሽ መስመር የሚያቋርጠውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ተጠቀሙ።

የኤክስ86ን ባለ 16 ባይት ሲኤኤስ፣ ሲኤምፒኤክስሲኤችጂ16ቢን፣ የሚጠቀም ኮድ (አብዛኛውን ጊዜ ፖይንተርና የስሪት ቁጥር አንድ ላይ አስሮ፣ ዋጋው ተቀይሮ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ያልተቀየረ የሚመስልበትን የኤቢኤ ችግር የሚከላከል) ኤአርኤም64 ላይ በኤልዲኤክስፒና በኤስቲኤክስፒ (ሁለት ሬጅስተር በአንድ የሚያነቡና የሚጽፉ ልዩ ትእዛዞች)፣ ወይም በኤልኤስኢ ሲኤኤስፒ ይጻፋል። ሲኤኤስፒ የሬጅስተር ጥንዶቹ በተጋማሽ ቁጥር እንዲጀምሩና ተከታታይ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ኤልዲኤክስፒ ብቻውን 16 ባይቱን በአንድ ጊዜ ማንበቡ ኤልኤስኢ2 በሌለበት ዋስትና የለውም፤ ዋስትናው የሚገኘው ያነበበውን ዋጋ መልሶ የሚጽፍ ኤስቲኤክስፒ ሲሳካ ብቻ ነው። ስለዚህ ንባብ የሚመስለው ሥራ ጽሕፈት ይሆናል፤ ለንባብ ብቻ በተከፈተ ገጽ ላይ ይወድቃል።

መጠበቂያ ዑደትና የካሽ መስመር

ፖዝን በዪልድ (በኤአርኤም አቻው) መተካት የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። በብዙ ኤአርኤም ኮሮች ላይ ግን ዪልድ ምንም እንደማይሠራ ትእዛዝ ያልፋል፤ ዑደቱም የካሽ መስመሩን ያለ ፋታ ይደበድበዋል። አይኤስቢ (የትእዛዝ ባሪየር) እውነተኛ መዘግየት ይፈጥራል፤ የራስት መደበኛ ላይብረሪም በኤአርኤም64 ስፒን ዑደት ላይ እሱን ያወጣል። የተሻለው፣ በተለይ በከርነል ውስጥ፣ ደብሊውኤፍኢ (ክስተት እስኪመጣ ኮሩን የሚያስቆም ትእዛዝ) ነው፦ ሎኩን በልዩ ንባብ አንብባችሁ ተይዞ ካገኛችሁት ደብሊውኤፍኢ ትላላችሁ፤ ሌላ ኮር ሎኩን ሲጽፍ ሞኒተሩ ይፈርስና ያ ራሱ መቀስቀሻ ይሆናል። በሙከራ ቁጥር የሚወሰን ዑደት ካላችሁ ("1000 ጊዜ ሞክር፣ ከዚያ ተኛ") ቁጥሩን እንደገና ለኩ፤ የአንድ ዙር ዋጋ ተቀይሯል።

64 ባይት ብላችሁ በቋሚ ቁጥር የጻፋችሁትን የካሽ መስመር ስፋትም እዩት። አብዛኛው ኤአርኤም64 ያው 64 ነው፤ የአፕል ኤም1 ግን 128፣ የፉጂትሱ ኤ64ኤፍኤክስ 256 ነው።

ሪስክ-ፋይቭ የሚለይበት

የ"ኤ" ቅጥያ ሁለቱንም ይሰጣል፦ የኤልአርና የኤስሲ (የልዩ ንባብና የልዩ ጽሕፈት) ጥንድ፣ እንዲሁም ኤኤምኦ የሚባሉ ነጠላ ትእዛዞች። መሠረታዊው ቅጥያ ግን ሲኤኤስ የለውም፤ እሱ በኋላ ዛካስ በሚባል ቅጥያ መጣ፣ የባይትና የ2 ባይት ኤኤምኦም ዛብሃ በሚባል። እነዚህ በሌሉበት የባይት ሲኤኤስ ባይቱን የያዘውን የተሰለፈ 4 ባይት ቃል ወስዶ በማስክ መሥራት ነው። የቆዩ ጂሲሲዎች ይህን ወደ ሊብአቶሚክ (የጂሲሲ የአቶሚክ ላይብረሪ) ስለሚያስተላልፉ ሊንክ ሲደረግ "ያልተገለጸ ማጣቀሻ" የሚል ስህተት ይመጣል፤ ሊብአቶሚክን መጨመር ይፈታዋል።

የኤልአርና የኤስሲ ዙር በስተመጨረሻ እንደሚሳካ አርክቴክቸሩ ዋስትና የሚሰጠው ቅርጹ ከተጠበቀ ነው፦ ከ16 ያልበለጡ ተከታታይ ትእዛዞች፣ በመካከላቸው ሌላ ንባብ፣ ጽሕፈት ወይም ፌንስ የሌለ። ሙሉ ባሪየር ያለው ሲኤኤስ ቅርጹ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው፦ ተራ ኤልአር፣ የሪሊስ ቢት ያለው ኤስሲ፣ ከዚያ ሙሉ ፌንስ። የ32 ቢት ኤልአር በ64 ቢት ማሽን ላይ ውጤቱን በምልክት ያራዝማል፤ የሚጠበቀው ዋጋ በዜሮ ተራዝሞ ከመጣ የላይኛው ቢቱ 1 የሆነ ቁጥር በፍጹም አይገጥምም። በትናንሽ ቁጥሮች የተፈተነ ኮድ ይህን አያሳይም፤ ቢያንስ አንድ ፈተና ከ0ኤክስ80000000 በላይ በሆነ ዋጋ ይሁን።

ፍተሻ

ኤክስ86 ማሽን ላይ በሚሮጥ ኬሙ (ሌላ ፕሮሰሰርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) የኤአርኤም64 ፈተና ማለፉ ስለ ቅደም ተከተል ምንም አይነግራችሁም። ከስር ያለው ሃርድዌር ጥብቅ ስለሆነ ደካማው ሞዴል የሚፈቅደው መገለባበጥ አይታይም። ልዩ ጽሕፈቱንም ኬሙ ዋጋ በማወዳደር ስለሚፈጽመው የፈረሰ ምዝገባን እንደ ሃርድዌሩ አያሳይም። ኬሙ ለስፋት፣ ለማስክና ለመሳሰሉት ስህተቶች ይጠቅማል፤ ለቀረው እውነተኛ ማሽን፣ ቢቻል ብዙ ኮር ያለው፣ ያስፈልጋል።

ትሬድ ሳኒታይዘር (በትሬዶች መካከል ያለ ግጭትን የሚይዝ ፍተሻ) ግን ኤክስ86 ላይም ይሠራል፤ የሚከተለው የሃርድዌሩን ሳይሆን የቋንቋውን ሞዴል ነው፣ ስለዚህ ቮላታይል ባንዲራዎቻችሁን እዚያው ያጋልጣል። ብቻውን የቆመ ፌንስን በደንብ አይረዳም፤ በፌንስ የተሠራ ኮድ ላይ የሐሰት ጩኸት ይኖራል፣ ጂሲሲም ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ለዋናዎቹ ስልቶች ትንሽ የሊትመስ ፈተና (አንድን የቅደም ተከተል ጥያቄ የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም) ጻፉ፦ በዳታና በባንዲራ የተሠራው መልእክት ማስተላለፍ አንዱ፣ በሁለት ባንዲራ የተሠራው ሌላው። ኸርድ7 የሚባለው መሣሪያ በሞዴሉ መሠረት የሚፈቀዱትን ውጤቶች በሙሉ ይዘረዝራል፤ ሊትመስ7 ያንኑ ፈተና በማሽኑ ላይ ደጋግሞ ያስኬዳል። ሁለቱን አታምታቱ፤ በማሽኑ ላይ አለመታየቱ መከልከሉን አያሳይም፣ የሚቀጥለው ትውልድ ኮር ሊያሳየው ይችላል።

በመጨረሻ የወጣውን ባይነሪ በኦብጅደምፕ (ባይነሪን ወደ አሴምብሊ የሚመልስ መሣሪያ) ግለጡና የትኩስ ፋንክሽኖቹን አቶሚኮች በዓይናችሁ እዩ። ኤልኤስኢ ከፍታችሁ ኤልዲኤክስአር ካያችሁ አማራጩ ለዚያ ፋይል አልደረሰም ማለት ነው። ኤስቲኤልአር መሆን ሲገባው ተራ ኤስቲአር ካያችሁ ከቆጠራው ያመለጠ ተለዋዋጭ አለ። ይህን ፍለጋ በቢልድ ስክሪፕቱ ውስጥ አስገቡት፤ በየለውጡ ራሱ ይፈትሽ።